ከአግሮቬት የተገዛ አንቴና

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ለራዲዮ አንቴና የሚሆን ዕቃ ግዛ ብለው የላኩኝ የላምና የፍየል መድኃኒት ወደሚሸጥበት ሱቅ ነበር። በኬንያው በኩል ባለችው ሞያሌ አግሮቬት የምንለው፣ የመዥገር መድኃኒትና የበቆሎ ዘር፣ አካፋና የአጥር ሽቦ አንድ ላይ የሚቸረቸርበት ቤት ማለቴ ነው። የቀለዱብኝ መሰለኝ። አዲስ ሰው ማሞኘት በየሙያው ያለ ነው፤ ጋራዥ ብትገቡ በዓለም ላይ የሌለ ቁልፍ አምጡ ብለው ሰፈሩን ያዞሯችኋል። በራፉ ላይ ቆሜ ልግባ ወይስ ልመለስ እያልኩ ብዙ አመነታሁ።

ገባሁና የታዘዝኩትን ጠየቅሁ፦ አንድ ጥቅል የአሉሚኒየም ሽቦ፣ ለኤሌክትሪክ አጥር የሚሆነውን፤ እንቁላል የሚያካክሉ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ ነጭ የሸክላ ኢንሱሌተሮች፤ ከዚያ የሽቦ መወጠሪያ። ሻጩ ምንም አልገረመውም። "ለምዜ ነው?" አለኝና ዕቃውን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። የእኔ አለቃ ምዜ ሙቱኩ ይባላሉ። ከመንግሥት የቴሌፎን ሥራ ጡረታ ወጥተው ሄሉ በሚባለው የሞያሌ ሰፈር የራዲዮ ጥገና ቤት የከፈሉ፣ ከታች አገር፣ ከደቡቡ ኬንያ የመጡ ሰው ናቸው። የአማተር ራዲዮ ላይሰንሳቸውን መስታወት ውስጥ አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። አማተር ማለት ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲል፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ ከሩቅ አገር ሰው ጋር በራዲዮ የሚነጋገር ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከኢትዮጵያ በስደት መጥቼ፣ ወረቀቴ እስኪስተካከል ደቡብ ባለ አንድ የከብት እርባታ ውስጥ የኤሌክትሪክ አጥር ስዘረጋ የኖርኩ ነኝ። ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ሞባይል ሞያሌ ከተማ ውስጥ ገና ብቅ ማለቱ ነበር፤ ከከተማው ትንሽ ራቅ ካላችሁ ግን መስመር የሚባል ነገር የለም።

ምዜ የቀጠሩኝ ለራዲዮ እውቀቴ አልነበረም። "ሽቦ መወጠር ትችላለህ?" አሉኝ። "እሱን ለእኔ ይተዉት" አልኩ። "እንግዲያው ግማሹን ሙያ ይዘህ መጥተሃል፤ የቀረውን እኔ አሳይሃለሁ" አሉኝ።

ያሳዩኝን በአጭሩ ላስቀምጠው። ከናይሮቢ ተገጣጥሞ የሚመጣው አንቴና ዋጋው አይቀመስም። የእኛ ግን እንዲህ ነው፦ ሽቦውን ለምትፈልጉት ሞገድ በሚሆነው ልክ ለሁለት እኩል ክንድ ትቆርጡታላችሁ። መካከሉ ላይ አንድ ኢንሱሌተር ይገባል። ከራዲዮው የሚመጣው ኬብል አንዱ ጫፉ ከግራው ክንድ፣ ሌላው ከቀኙ ይያያዛል። በየክንዱ መጨረሻ ሌላ ኢንሱሌተር፣ ቀጥሎ ገመድ፣ ቀጥሎ ምሰሶ። ከዚያ በመወጠሪያው ጥብቅ ማድረግ ነው።

የመዳብ ኬብልና አሉሚኒየም በቀጥታ ከተነካኩ ይበላላሉ። ስለዚህ መካከላቸው የአጥር ማያያዣ ብሎን ይገባል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ከላይ ከመኪና ጎማ በወጣ ካላማዳሪያ ቁራጭ ይጠቀለላል። እኔ ይህን ሳላውቅ አሉሚኒየሙን በስታኞ ልበይድ ብዬ ከረፋድ እስከ ምሳ ስታገል፣ ምዜ ሻያቸውን እየጠጡ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። በመጨረሻ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ "ላም ለመጠበቅ ስትዘረጋው ትበይደው ነበር?" አሉኝ።

"አልበይድም።"

"ታዲያ ላሟ አምልጣህ ታውቃለች?" አሉና ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እውነታቸውን ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የከፍታው ነገር ነው። እኔ አንቴና ሲባል ሰማይ የሚነካ ይመስለኝ ነበር። ምዜ ግን ለቅርብ መንደር፣ በተለይ ኮረብታ ለሚጋርደው፣ ዝቅ አድርገው ነው የሚሰቅሉት። ዝቅ ያለ ሽቦ ድምፁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይሰደዋል፤ ላይ ያለው አየር ደግሞ እንደ ዣንጥላ ዙሪያውን መልሶ ያወርደዋል። አንድ ከሰዓት ላይ በዚሁ ሽቦ ምዜ ከአንድ የባሕር ዳርቻ ሰው ጋር ሲነጋገሩ፣ ሰውየው "ጥሩ አንቴና አለህ" ሲላቸው ሰማሁ። ምዜ "የፍየል አጥር ነው" ብለው መለሱለት። ሰውየው ሳቀ፤ እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበረን። ሞያሌ የድንበር ከተማ ናት፤ ራዲዮ የሚለው ቃል እንደኔ ካለ ሐበሻ አፍ ሲወጣ ብዙ ጆሮ ይቆማል። በጀማሪነቴ ጣሪያ ላይ ሽቦ ሳስር አንድ አስካሪ፣ የኬንያ ፖሊስ፣ ከታች ቆሞ፣ "ምንድን ነው የምትሠራው?" አለኝ። የእኔ አፍ መቼም አያርፍም። ሞገድ፣ ሩቅ አገር፣ እያልኩ ቀደድኩት። ኪፓንዴዬን፣ መታወቂያዬን ማለት ነው፣ ተቀብሎኝ ቀኑን ሙሉ ጣቢያ ተጎልቼ ዋልኩ። ምዜ ላይሰንሳቸውን ከነመስታወቱ ከግድግዳ ነቅለው፣ በብብታቸው ይዘው መጥተው አስለቀቁኝ።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ለጠየቀህ ሰው ሁሉ የአጥር ሽቦ ነው በል" አሉኝ። "ውሸትም አይደለም።"

እኔም እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ያ ሕግ ከተማ ውስጥ ብዙ ጣጣ አስቀርቶልኛል። ቦሪ ላይ ግን ጉድ አፈላ።

ቦሪ ከሞያሌ ወጣ ያለች የከብት አርቢዎች መንደር ናት። በየገጠሩ ክሊኒክ የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት ራዲዮና ባትሪ ገዝቶ፣ ለአንቴናው ግን ገንዘብ ስላጠረው ወደ ምዜ መጣ። ምዜ እኔን ላኩኝ። ክሊኒኩ አንድ ክፍል ነው፤ ከጎኑ የነርሷ ማደሪያ ጎጆ አለ። ነርሷ ሲስተር ቱሜ ትባላለች፤ ቦረና ናት፣ ግን የዚያ መንደር ልጅ አይደለችም። ብቻዋን ነበር የምትኖረው።

መንደሯን ኮረብታ ስለሚጋርዳት ሽቦውን ከሰው ቁመት ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጌ ልሰቅል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ፣ መካከሉም ላይ ምሰሶ ስተክል መጥታ አጠገቤ ቆመች። "ይሄ ነገር በዝናብ ይሠራል?" አለችኝ።

"ለምን አይሠራም?"

"በደንብ ስማኝ" አለች። "ባለፈው ዝናብ አንዲት እናት በእጄ ላይ ሞታለች። ደሟ አልቆም አለ። መኪና ቢመጣ ትተርፍ ነበር፤ መኪና የሚጠራልኝ ግን ማንም አልነበረም። አሁን ዝናብ ሲመጣ ይሄ ሣጥን ከከዳኝ እኔ እዚህ አልቀመጥም። ሁለተኛ አልችለውም።"

አንጀቴን በላችው። "አይከዳሽም" አልኳት። መወጠሪያውንም ከወትሮው አጥብቄ አሰርኩት።

መንደርተኛው ምሰሶ በመሸከም ረድቶኛል። ሥራው ሲያልቅ አባ ቦሩ መጡ። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ። ሽቦውን ከአንዱ ምሰሶ እስከሌላው በዐይናቸው ተከትለው፣ "ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የአጥር ሽቦ ነው፣ አባ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ራዲዮውን ሞከርን፤ ሞያሌ አጠገባችን ያለ ያህል ተሰማ። ለቱሜ የባትሪውንና የሣጥኑን አያያዝ አስረድቼ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን በየማለዳው ሞያሌ ያለው የድርጅቱ ቢሮ ሲጣራ ቦሪ ጥርት ብላ ትመልስ ነበር። ምዜም በየጊዜው ያዳምጡና፣ "ያቺ ልጅ ድምፅዋ ሸጋ ነው" ይሉኛል። ዝናቡ የጣለ ዕለት ግን የቦሪ ድምፅ ሰለለ። በማግሥቱ እንደ ትንኝ ሆነ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

የድርጅቱ ሰው ወደ ሱቃችን መጥቶ፣ "ርካሽ ነገር መጨረሻው ይሄው ነው" አለ። እኔ የማስበው ቱሜን ነበር። አይከዳሽም ያልኳት እኔ ነኝ፤ ይኸው ከዳት። ፒንሳና ትርፍ ሽቦ ይዤ፣ አንቴና ኃይሉን ማስወጣት አለማስወጣቱን የምታሳየውን የሱቃችንን መለኪያ በላስቲክ ጠቅልዬ ከብት ሊጭን በሚወጣ ሎሪ ላይ ተሳፈርኩ። ሎሪው ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ሲቀር የተረፈውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።

ቦሪ ስደርስ ያየሁትን ምን ልበላችሁ! አንቴናዬን አጥረውታል። ከዳር እስከ ዳር፣ ከሥር እስከ ሽቦው፣ እሾሃም የግራር ቅርንጫፍ ተደርድሮ፣ ተጠላልፎ፣ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ቆሟል። የጫፎቹ ኢንሱሌተሮች ቅጠል ውስጥ ተቀብረዋል። የመካከሉ ምሰሶ፣ ኬብሉ የሚወርድበት፣ ከእንጨት የተሠራ በር ተንጠልጥሎበታል። እንዲህ ያማረ አጥር በሕይወቴ አላየሁም።

ነገሩ የገባኝ ወዲያው ነው። ደረቅ እሾህ ሽቦውን ቢነካውም ብዙ አይጎዳውም፤ ራዲዮው ሲሠራ የሰነበተው ለዚህ ነው። ዝናብ ሲመታው ግን እርጥቡ ቅርንጫፍ ኃይሉን እየመጠጠ ወደ መሬት ያፈሰዋል። ቱሜም ብትሆን ይህን በምን ታውቃለች? አጥሩ ሲሠራ መድኃኒት ልታመጣ ሞያሌ ወርዳ ነበር፤ ስትመለስ ተሠርቶ ጠበቃት፤ ራዲዮውም ይናገር ነበር።

አባ ቦሩ ከሩቅ አይተውኝ በደስታ መጡ። "አየኸው? ጀምረህ ትተኸው ሄድክ፤ እኛ ጨረስነው" አሉኝ። "ብቻዋን ያለች ሴት ቤቷ ሳይታጠር ማደሩ ለእኛ ነውር ነው። ጅብ አለ። እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ቆርጦ አመጣ፤ እኔም ድርሻዬን።"

ምን ብዬ ልመልስ? ይህን ሁሉ ደግነት አፍርሱት ልበል?

ከክሊኒኩ ቱሜ ወጣች። ዐይኖቿ ቀልተዋል፤ ጓንቷን አላወለቀችም። "ምጥ ላይ ያለች ሴት አለችኝ፤ ልጁ በጎን ነው የመጣው። እዚህ አይወለድም" አለች። "መኪና ያስፈልገኛል። ከጠዋት ጀምሮ ስጣራ ማንም አይሰማኝም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይህች ሴት በሕይወት ከወጣችም እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። ሻንጣዬን ይዤ ነው። ነግሬህ ነበር" አለችኝ።

ሕግም ኪፓንዴም ከራሴ ጠፋ። ወደ አባ ቦሩ ዞሬ፣ "አባ፣ ይሄ አጥር አይደለም" አልኩ። "ሽቦው የአጥር ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። የሲስተርን ድምፅ ሞያሌ የሚያደርሰው እሱ ነው። እርጥቡ እሾህ ሲነካው ድምፅዋን ይውጠዋል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ሴት ምጥ ላይ ናት፣ መኪናም መጥራት አልተቻለም። ይቅር በሉኝ፣ መነሳት አለበት። አሁኑኑ።"

አባ ቦሩ ሽቦውን አዩት፣ ክሊኒኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። በትራቸውን መሬት ላይ ጥለው ወደ አጥሩ ሄዱና የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በባዶ እጃቸው ጎተቱት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መንደሩን ጠሩ።

ሰው ከየቤቱ ወጣ። ዝናቡ አላባራም። ያንን ሁሉ ጉንጉን በእጅ፣ በመንጠቆ፣ በመጥረቢያ እየፈቱ ጎተቱት። እኔ ጫፎቹ ላይ ወጥቼ ኢንሱሌተሮቹን ከቅጠል አጸዳሁ፣ በሩን ከምሰሶው ላይ ነቀልኩት፣ የኬብሉን መያያዣ ፈትቼ ግራሶውን እንደገና ቀባሁት። መለኪያዬን ስሰካ ከሽቦው ተመልሶ የሚመጣው ኃይል ገና ብዙ ነው፤ ድምፁ እየወጣ አይደለም ማለት ነው። "አንድ ቅርንጫፍ ቀርቷል፣ ፈልጉት!" ብዬ ጮህኩ። አንዲት ሴት ከምሥራቁ ምሰሶ ሥር መዝዛ ስታወጣው የመለኪያዋ ቀስት ወረደ።

ቱሜ ማይኩን ያዘች። "ሞያሌ፣ ሞያሌ፣ ቦሪ ነኝ፤ ይሰማል?"

ሞያሌ ወዲያው መለሰ። በቁሜ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ?

መኪናው በትራክተር እየተጎተተ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ አስገቧት። ቱሜም ሻንጣዋን ይዛ ገባች። መንደርተኛው ሻንጣውን አየ፤ ማንም ግን አልጠየቃትም። አባ ቦሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው ነበር። መኪናው ሲርቅ ያኔ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"አጥሩ ነው ያባረራት?"

"አይደለም፣ አባ። ብቻዋን ሆና ሰው ሲሞትባት ነው የሰለቻት።"

"ያኔ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ስደተኛ ነኝ። ስለ ራዲዮ ማውራት እፈራለሁ።"

"እኛን ነው የፈራኸው?" አሉ። እጃቸውን ወደ ፊት ሲያመጡት መዳፋቸው በእሾህ ተበሳስቶ ደም በደም ሆኗል።

እኔ አልተመለስኩም። መንገዱም አልደረቀ፣ ልቤም እንቢ አለ። በማግሥቱ ከመንደርተኛው ጋር አጥሩን እንደገና ሠራነው፤ በዚህ ጊዜ ከሽቦው ብዙ እርምጃ አርቀን፣ ክሊኒኩንም ጎጆዋንም አንቴናውንም አንድ ላይ ከብበን። ግመል እንኳ አንገቱን ቢሰድ ሽቦው ጋ አይደርስም። በሩን ወዴት እናድርገው ሲባል ብዙ ክርክር ተነሳ፤ አባ ቦሩ ወደ ጎጆዋ በኩል እንዲሆን ወሰኑ። ትመለሳለች ብሎ የተናገረ ሰው የለም። ሁሉም ግን ትመለሳለች ብሎ ይሠራ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ማለዳ ላይ፣ ሞያሌ ሲጣራ እኔ መለስኩ። የቱሜ ድምፅ ነው። "እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ወንድ ነው። ለአባቱ ንገሩልኝ። ኦቨር" አለች።

አባ ቦሩ አጠገቤ ቆመው ነበር። ማይኩን በዐይናቸው ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። "ይህን ተጭነው ይናገሩ፤ ሲጨርሱ ይልቀቁት" አልኳቸው። ተጫኑት፤ ዝም አሉ። ብዙ ቆዩ።

"አባ፣ ካለቀቁት እሷ መናገር አትችልም።"

"ቆይ" አሉኝ፣ ጣታቸው አልተነሳም። ሞያሌ ይህን ሁሉ እየሰማ ነው።

ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "ቱሜ፣ ልጄ። እሾሁን ከሽቦው አርቀነዋል። በሩን ወደ ቤትሽ አድርገነዋል። ቤትሽ ባዶ እንዳያድር እኔ ደጃፍሽ ላይ ነው የምተኛው። እስክትመጪ እዚያው ነኝ።" ጣታቸውን ሳያነሱ እንዳይቀሩ እንደገና ስለፈራሁ ቀስ ብዬ አነሳሁላቸው።

ከዚያ ወዲያ የራዲዮው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። የሄደች መሰለኝ።

"አባ ቦሩ" አለች ቱሜ በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ተሰብሯል። "በዚህ ብርድ ደጅ አይተኙ። ነገ በሚወጣው መኪና እመጣለሁ። ኦቨር።"

"ኦቨር ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ጨርሻለሁ፣ ተራው የእርስዎ ነው ማለት ነው።"

"እኔም ጨርሻለሁ" አሉና ማይኩን መልሰውልኝ ወጡ። ቱሜ በማግሥቱ መጣች።

ከዚያ በኋላ በየገጠሩ ብዙ አንቴና ሰቅያለሁ፤ ሽቦው ሁሉ የአጥር ነበር፣ አብዛኛውም በደንብ ሠርቷል። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምላችሁ ይህን ነው፦ ምሰሶ ከመትከላችሁ በፊት መንደርተኛውን ሰብስቡና ሽቦው ምን እንደሚሠራ በእውነት ንገሩት። ልኬቱ ከዚያ ይቀጥላል።